ሁሉም "ሎል" ነው፣ ግን አንድ አይደለም፦ ከቤታ ብሎከሮች የቱ ለማን ይሆናል?

ፋርማሲ መስኮት ላይ ቶሎ ቶሎ የምሰማው ነገር ነው፣ "አቴኖሎል ከሌለ ያው የሆነውን ሌላ ስጪኝ"። ቤታ ብሎከር የሚባሉት እነዚህ መድሃኒቶች ስማቸው ሁሉም "ሎል" ብሎ ስለሚያልቅ አንድ ይመስላሉ፣ የሚታዘዙትም ለልብና ለግፊት ነው፣ ታዲያ ምን ለውጥ አለው ነው ነገሩ። ለውጥ አለው። አንዱ የልብ ድካም (ልብ ደም በበቂ መግፋት ሲያቅተው) ያለበትን ሰው እድሜ እንደሚያረዝም ተረጋግጧል፣ ሌላው አልተረጋገጠም። አንዱ አስም ላለበት ሰው አደጋ ነው፣ ሌላው በጥንቃቄ ይሞከራል። አንዱ በኩላሊት ይወጣል፣ ሌላው በጉበት። ሚሊግራሙ ራሱ አይመሳሰልም፣ አቴኖሎል 50 ሚሊግራም የተለመደ መጠን ነው፣ ቢሶፕሮሎል ግን ብዙ ጊዜ 10 ላይ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ "ቁጥሩ አንድ ከሆነ ይበቃል" የሚል ሰው በጣም አደገኛ ስህተት ሊሰራ ይችላል።

ይሄን የጻፍኩት ራሳችሁ መርጣችሁ እንድትገዙ አይደለም፣ በማዘዣ ብቻ የሚሰጥ መድሃኒት ነው። ሀኪም ፊት ስትቀመጡ ስለራሳችሁ ምን መናገር እንዳለባችሁ እንድታውቁ፣ መድሃኒት ሲቀየርባችሁ ደግሞ "ቆይ ይሄ ለኔ ይሆናል?" ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው።

መጀመሪያ ምን ይታያል

ስንደነግጥ ወይ ስንሮጥ ሰውነት አድሬናሊን ይለቃል። ልብ ላይ ቤታ አንድ የሚባል መቀበያ አለ፣ አድሬናሊኑ እሱን ሲነካ ልብ ይፈጥናል። ቤታ ብሎከር ይሄን በር ይዘጋል፣ ልብ ይረጋል፣ ግፊት ይወርዳል። ግን ሳንባ ውስጥ ደግሞ ቤታ ሁለት የሚባል አለ፣ ስራው የአየር ቧንቧን መክፈት ነው። አንዳንዶቹ መድሃኒቶች በዋናነት የልቡን ብቻ ይዘጋሉ፣ ልብ መራጭ እንበላቸው፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይዘጋሉ። መራጮቹም ቢሆኑ መጠኑ ሲጨምር መምረጣቸውን ይተዋሉ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለምን ታዘዘ የሚለው ነው፦ ለልብ ድካም ነው፣ ለልብ ምት መዛባት ነው፣ ለደረት ውጋት ነው፣ ወይስ ለግፊት ብቻ? ለግፊት ብቻ ከሆነና ሌላ የልብ ችግር ከሌለ ቤታ ብሎከር ዛሬ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። አብዛኛው ህክምና በአምሎዲፒን ወይም በሌላ ነው የሚጀመረው፣ የአለም ጤና ድርጅት የመሰረታዊ መድሃኒቶች ዝርዝርም አቴኖሎል ከ60 አመት በላይ ለሆኑና ተጓዳኝ ችግር ለሌለው ግፊት መጀመሪያ እንዳይሰጥ ይላል። በ2002 የወጣው ላይፍ የተባለው ትልቅ ጥናት ሎሳርታን የሚባለውን ሌላ የግፊት መድሃኒትና አቴኖሎልን አወዳድሮ ስትሮክ በሎሳርታን በኩል ማነሱን አሳይቷል። ይሄ ማለት አቴኖሎል የምትወስዱ ዛሬ ጣሉት ማለት አይደለም (ለምን እንዳልሆነ ታች እመጣበታለሁ)፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ "አሁንም ያስፈልገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ ማለት ነው።

ሁለተኛ ሳንባ፦ አስም አለ ወይ፣ በልጅነት እንኳን ከነበረ። ሶስተኛ ኩላሊትና ጉበት። አራተኛ በቀን ስንት ጊዜ ነው፣ ከምግብ ጋር ነው ወይስ አይደለም፣ ይሄ ለሚጾም ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። አምስተኛ ሌላ ምን ትወስዳላችሁ። የመጨረሻው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ለኔ ከዋናዎቹ አንዱ፣ በሚቀጥለው ወር ይሄን መድሃኒት እዚሁ ሰፈር አገኘዋለሁ ወይ የሚለው ነው። ምክንያቱም ቤታ ብሎከር ድንገት መቋረጥ የሌለበት መድሃኒት ነው፣ በጣም ጥሩው መድሃኒት በየሁለት ወሩ የሚጠፋ ከሆነ ለናንተ ጥሩ አይደለም።

አንድ በአንድ

ፕሮፕራኖሎል (ኢንደራል የሚባለው፣ እስራኤል ያላችሁ ደራሊን በሚል ታውቁታላችሁ) ከነዚህ ሁሉ ታላቁ ነው፣ በ1960ዎቹ ጀምስ ብላክ የሰራው፣ ሰውየው በ1988 ኖቤል ከተሸለመባቸው ስራዎች አንዱ ነው። መራጭ አይደለም፣ ሁለቱንም በር ይዘጋል፣ ስለዚህ አስም ላለበት ሰው አይሰጥም፣ በቃ። በቀን ሁለትና ሶስት ጊዜ መዋጥ አለበት። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ አእምሮ ውስጥ በደንብ ይገባል፣ ቅዠትና የተረበሸ እንቅልፍ የሚያመጣው በዚህ ነው። እዚህ አገር ግን ቦታው ትልቅ ነው፣ እንቅርት ኖሮበት ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሰራበት ሰው ልቡ ሲመታበትና እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋው እሱ ነው፣ ሚግሬንን ይከላከላል፣ በቢልሃርዚያ ወይም በጉበት በሽታ ምክንያት የጉሮሮ ደም ስር አብጦ እንዳይፈነዳም ይሰጣል። አሁን አሁን ወጣቶች ለፈተናና ለመድረክ ፍርሀት ከጓደኛ እየተቀባበሉ ይውጡታል፣ ይሄ ነገር ያሳስበኛል፣ አስም ያለበት ልጅ ከጓደኛው ተቀብሎ አንዱን ቢውጥ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። በብዛት ከተዋጠ ደግሞ ከቤታ ብሎከሮች ውስጥ በመርዛማነቱ ከባዱ እሱ ነው፣ ህጻን በማይደርስበት ይቀመጥ።

አቴኖሎል (ቴኖርሚን፣ እስራኤል ኖርሚተን) ርካሽ ነው፣ በቀን አንዴ ነው፣ ልብ መራጭ ነው፣ አእምሮ ውስጥ ብዙም አይገባም፣ ስለዚህ ፕሮፕራኖሎል ያቃዠው ሰው በሱ ሊያርፍ ይችላል። ችግሩ መውጫው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይጠራቀማል፣ ልብ ምት ሳይታወቅ ወርዶ ወርዶ ሰውየው "ዝም ብሎ እርጅና ነው" ሲል ይከርማል። የኩላሊት ስራ በጣም ሲቀንስ በቀን ከ50፣ ከዚያም ሲብስ ከ25 ሚሊግራም አይበልጥም። ስለዚህ ስኳርና ግፊት አብረው ያሉበት ሰው አቴኖሎል ሲወስድ የኩላሊት ምርመራውን (ክሪያቲኒን) ሳያደርግ አመት ባያልፍ ጥሩ ነው። ለልብ ድካም አልተረጋገጠም። ለነፍሰ ጡርም ጽንሱ እንዳያድግ ሊያደርግ ስለሚችል አይመረጥም።

ሜቶፕሮሎል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ሁለት አይነት ነው። ታርትሬት የሚባለው (ሎፕሬሰር) አጭር ነው፣ በቀን ሁለቴ ይዋጣል። ሰክሲኔት የሚባለው (ቶፕሮል ኤክስኤል) ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው፣ በቀን አንዴ። በ1999 በወጣው ሜሪት የተባለ ጥናት የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሞት በ34 በመቶ የቀነሰው ሰክሲኔቱ ነው፣ ታርትሬቱ አይደለም። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ልኮላችሁ "ሜቶፕሮሎል ነው፣ ያው ነው" ካለ እቃው ላይ ያለውን ሙሉ ስም አንብቡ፣ ቀስ ብሎ የሚለቀውን ትታችሁ አጭሩን በቀን አንዴ ብትውጡ ማታ ማታ ልባችሁ ጥበቃ የለውም። ሰክሲኔቱን መሀሉ ላይ ባለው መስመር መክፈል ይቻላል፣ መፍጨትና ማኘክ ግን አይቻልም፣ ለአዛውንት በውሀ በጥብጦ መስጠት የሚወድ ቤተሰብ ይሄን ይያዝልኝ።

ሌላም አለ። ሜቶፕሮሎልን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ ቱዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህን ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይዘው ተገኙ፣ ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ይሄ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በኛ ቋንቋ፣ ብዙዎቻችን ሜቶፕሮሎልን ቶሎ ፈጭተን እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ውጭ አገር የምትኖሩ፣ በደንብ እየወሰዳችሁ የልብ ምታችሁ አልወርድ ብሎ ሀኪሙ "በትክክል እየወሰድክ ነው?" እያለ ከጠረጠራችሁ፣ ይሄን ብታነሱለት ክፋት የለውም፣ በዚህ መንገድ ብዙም የማያልፍ እንደ ቢሶፕሮሎል ያለ ሊቀይርላችሁ ይችላል። በተቃራኒው ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የድብርት መድሃኒቶች ኢንዛይሙን ስለሚያግዱት ሜቶፕሮሎል ደም ውስጥ ይበዛል፣ ልብ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል። የወባው ኮአርተምም ይሄንኑ መንገድ ስለሚነካ አውሮፓ ውስጥ ያለው የመድሃኒቱ መመሪያ ከሜቶፕሮሎል ጋር አብሮ እንዳይሰጥ ይላል፣ ወባ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ከታመማችሁ ኮአርተም ከመቀበላችሁ በፊት የልብ መድሃኒት እንደምትወስዱ ለጤና ባለሙያው ተናገሩ። ወባ ይገላል፣ ስለዚህ ህክምናውን አትተዉ፣ የልብ ኪኒናችሁንም በራሳችሁ አታቁሙ፣ እንዴት እንደሚደረግ ባለሙያው ይወስን።

ቢሶፕሮሎል (ኮንኮር፣ እስራኤል ካርዲሎክ) ከአረብ አገር የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘውት የሚመጡት ነው። በጣም ልብ መራጭ ነው፣ በቀን አንዴ ነው፣ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይሄዳል፣ ግማሹ በኩላሊት ግማሹ በጉበት ስለሚወጣ አንዱ ቢደክም ሌላው ያግዛል። ለልብ ድካም ሲቢስ ሁለት የተባለው የ1999 ጥናት ሞትን 34 በመቶ ቀንሶ አሳይቷል። የአለም ጤና ድርጅት ዝርዝርም ላይ ዋናው እሱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሚገኝበት ቦታ ላሉና ዋጋው ለማይከብዳቸው ሰዎች ነገር የማያበዛው ይሄ ነው። የልብ ድካም ላይ ሲጀመር በ1.25 ሚሊግራም ነው፣ ቀስ ተብሎ በሳምንታት ልዩነት እየተጨመረ እስከ 10 ይሄዳል።

ካርቬዲሎል ሁለቱንም ቤታ ይዘጋል፣ በተጨማሪ አልፋ የሚባለውንም ዘግቶ የደም ስር ይከፍታል። ለልብ ድካም በጣም ጠንካራ ማስረጃ አለው፣ ኮፐርኒከስ በተባለው የ2001 ጥናት ከባድ ድካም ያለባቸው ላይ ሞትን 35 በመቶ ቀንሷል። ስኳር ላለበት ሰው የስኳር ቁጥጥሩን ብዙም አያበላሽም። ግን በቀን ሁለቴ ነው፣ ከምግብ ጋር መሆን አለበት፣ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ቶሎ ገብቶ ግፊት ይጥላል፣ ከአልጋ ብድግ ሲሉ አለም ይዞራል። አስም ላለበት አይሆንም። 3.125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ነው አጀማመሩ።

ኔቢቮሎል ከሌሎቹ በኋላ የመጣ ነው፣ በጣም መራጭ ነው፣ የደም ስርንም ያላላል፣ የወሲብ ችግር ያነሰበት ነው ይባልለታል። 70 አመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የልብ ድካም ታካሚዎች ላይ ሲኒየርስ በተባለው የ2005 ጥናት ጠቅሟል። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፣ በየፋርማሲውም አይገኝም።

ላቤታሎልን ለነፍሰ ጡር ግፊት ካልሆነ ብዙ አታገኙትም፣ እዚያ ግን ከሜቲልዶፓና ከኒፈዲፒን ጋር ከተመራጮቹ ነው። አስም ያለባት እናት ግን ለሀኪሟ ትንገር።

በሰንጠረዥ

| መድሃኒት | ልብ መራጭ? | ለልብ ድካም | በቀን | መውጫው | አስም ካለ | ዋጋና አቅርቦት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፕሮፕራኖሎል | አይደለም | አይመረጥም | 2–3 ጊዜ | ጉበት | አይሆንም | ርካሽ |
| አቴኖሎል | ነው | አልተረጋገጠም | 1 | ኩላሊት | በሀኪም ብቻ | ርካሽ |
| ሜቶፕሮሎል ታርትሬት | ነው | ሰክሲኔቱ ይመረጣል | 2 | ጉበት | በሀኪም ብቻ | መካከለኛ |
| ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት | ነው | ተረጋግጧል | 1 | ጉበት | በሀኪም ብቻ | መካከለኛ |
| ቢሶፕሮሎል | በጣም | ተረጋግጧል | 1 | ግማሽ በግማሽ | በሀኪም ብቻ | መካከለኛ |
| ካርቬዲሎል | አይደለም | ተረጋግጧል | 2፣ ከምግብ ጋር | ጉበት | አይሆንም | መካከለኛ |
| ኔቢቮሎል | በጣም | ለአዛውንት | 1 | በዋናነት ጉበት | በሀኪም ብቻ | ውድ |
| ላቤታሎል | አይደለም | አይደለም | 2–3 ጊዜ | ጉበት | አይሆንም | ለነፍሰ ጡር |

የዋጋው አምድ አጠቃላይ ነው፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይለያያል፣ ቀይ መስቀልና ከነማ ፋርማሲዎችን ሳትጠይቁ የግሉን አትክፈሉ።

የጎንዮሽ ጉዳት፦ የትኛው ይጠበቃል የትኛው ያስሮጣል

ድካም፣ እጅና እግር መቀዝቀዝ፣ ቀለል ያለ ማዞር፣ ደረጃ ስትወጡ እንደ ድሮው አለመፍጠን፣ እነዚህ የተለመዱ ናቸው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ብዙ ጊዜ ይቀላሉ። በእጃችሁ ያሰራችሁት ስማርት ሰአት ስፖርት ስትሰሩ "የልብ ምትህ ዝቅተኛ ነው፣ ጨምር" ቢላችሁ አትስሙት፣ መድሃኒቱን አያውቀውም፣ በእድሜ የሚሰላው ቁጥር ለናንተ አይሰራም፣ እያወራችሁ መራመድ እስከቻላችሁ ድረስ በቂ ነው።

ድብርት ያመጣል የሚለው ወሬ ከእውነቱ በላይ ተጋኗል። በ2002 ከ35,000 በላይ ታካሚ ያለባቸውን 15 ጥናቶች የሰበሰበ ስራ የድብርት ጭማሪ ጎልቶ አላገኘም፣ ድካም በአመት ከ1,000 ሰው ወደ 18፣ የወሲብ ችግር ደግሞ ወደ 5 ተጨማሪ ሰው ላይ ነው ያገኘው። ስለ ወሲቡ ጉዳይ ጣሊያኖች በ2003 ያወጡት አለ፣ አቴኖሎል ከተሰጣቸው ወንዶች ውስጥ ምን እንደወሰዱ ያልተነገራቸው ላይ ችግሩ 3 በመቶ ሲሆን "ይሄ ነገር ወሲብ ላይ ችግር ሊያመጣብህ ይችላል" የተባሉት ላይ 31 በመቶ ሆነ። (አሁን እናንተም አነበባችሁት፣ ይቅርታ።) ይሄ ማለት ችግሩ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ካጋጠማችሁ ግን ዝም ብሎ ኪኒኑን ከመተው ለሀኪም መናገር ይሻላል፣ መቀየር ይቻላል። ወንዶች ይሄን አፍረው ስለማይናገሩ መድሃኒቱን በድብቅ ያቆማሉ፣ ሚስት ናት የምትመጣው።

የሚያስሮጠው፦ ራስ መሳት ወይም ሊስት ማለት፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ደረት ማፏጨት፣ የልብ ምት ከ50 ወርዶ ማዞር ሲጨመርበት፣ እግር ማበጥና በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል መጨመር። የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ሲጀምሩ ወይ መጠን ሲጨመርላቸው ለጥቂት ጊዜ ሊብስባቸው ይችላል፣ ለዚህ ነው በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚወጣው፣ "ትንሽ ነው፣ ቶሎ ጨምሩልኝ" አይባልም።

ምት ለመቁጠር ሁለት ጣት አውራ ጣታችሁ ስር፣ አንጓው ላይ አድርጉና ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ምቱ የተዛባ ሰው ላይ ያሳስታል፣ ቫልቭ የጠበበባቸው ደግሞ እኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ህመም ሰበብ የመጡ ብዙ ወጣቶች ናቸውና ምታቸው የሚዛባባቸው ጥቂት አይደሉም። ቤታ ብሎከር ለነሱ የሚሰጠው ልብ ረጋ ብሎ እንዲሞላ ጊዜ ለመስጠት ነው። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድሃኒትም አብረው የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱም ምት ይቀንሳሉና ቆጠራው በየቀኑ ይሁን።

ስኳር ያለባችሁ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ፣ ይሄን ያዙ፦ ስኳር ሲወርድ የሚያስጠነቅቃችሁ የልብ ድብደባና መንቀጥቀጥ በቤታ ብሎከር ይደበቃል። ላብ ግን አይደበቅም። ያለ ምክንያት ላብ ሲያሰጥማችሁ ስኳር ለኩ፣ መለኪያ ከሌለ ጣፋጭ ውሰዱ።

ድንገት ማቆም

ታች እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። መድሃኒቱ ለወራት በሩን ሲዘጋ ሰውነት ተጨማሪ በር ይሰራል። ኪኒኑ ድንገት ሲቀር አድሬናሊኑ በሁሉም ይገባል፣ ልብ ከመጀመሪያውም በላይ ይፈጥናል፣ የልብ ደም ስር የጠበበበት ሰው ላይ ደረት ውጋትና ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ሊያመጣ ይችላል። የሚቆም ከሆነ በሀኪም፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቀስ እየተቀነሰ ነው።

እኛ ጋር ድንገት የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው መድሃኒቱ ሲያልቅና ፋርማሲ ሲጠፋ፣ ስለዚህ የመጨረሻው ስትሪፕ ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አትፈልጉ። ሁለተኛው ጸበል ነው፣ ስትሄዱ ኪኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብዙ አባቶች ራሳቸው "መድሃኒትህን አትተው" ነው የሚሉት፣ ካልገባችሁ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ሶስተኛው ግፊት ሲስተካከል "ድኛለሁ" ማለት ነው፣ የተስተካከለው በመድሃኒቱ ነው። አራተኛው ኦፕራሲዮን፣ በራሳችሁ ጊዜ አታቁሙ፣ ለሰመመን ሰጪው ተናገሩ።

ሃርት አታክ ካጋጠማቸው አመት አልፏቸው የልባቸው ጉልበት ያልቀነሰ ሰዎች "እስከመቼ ልውሰድ" የሚሉት ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በ2024 የወጣው ሪዲውስ የተባለ ጥናት የልባቸው ጉልበት ላልቀነሰ ሰዎች ሃርት አታክ በደረሰባቸው ሰሞን ቤታ ብሎከር መጀመሩ ሞትንም ሌላ ሃርት አታክንም እንዳልቀነሰ አሳየ፣ በዚያው አመት አቢስ የተባለው የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ሲወስዱ የቆዩ ሰዎች ማቆማቸው ከመቀጠል እንደማይተናነስ ማሳየት አልቻለም። ክርክሩ ቀጥሏል፣ ስለዚህ ከሀኪማችሁ ጋር የሚወራ እንጂ በቤት የሚወሰን አይደለም።

ከምን ጋር አይገጥምም

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ከሚባሉት ሌሎች የልብና የግፊት መድሃኒቶች ጋር ምት በጣም ሊያወርድ ይችላል። ሪፋምፒሲን፣ የቲቢው፣ በጉበት የሚወጡትን ቤታ ብሎከሮች ያሳንሳል፣ ቲቢ ህክምና ስትጀምሩም ስትጨርሱም መጠኑ ይታይ። ለወገብና ለጉልበት እንደ ከረሜላ የሚበላው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት የማውረዱን ስራ ያበላሻል፣ የልብ ድካም ካለ ደግሞ ውሀ ያቋጥራል። የአፍንጫ መክፈቻ ያላቸው የጉንፋን ኪኒኖች ግፊት ይጨምራሉ። ጫት ልብ ያፈጥናል ግፊትም ይጨምራል፣ በአንድ እጅ ፍሬን በሌላው ነዳጅ ነው። አልኮል ማዞሩን ያብሳል።

ግላኮማ ኖሮባችሁ ቲሞሎል የሚባል የአይን ጠብታ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ እሱም ቤታ ብሎከር ነው! አስም ያለበት ሰው ላይ ጠብታው ብቻ አስሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ጠብ ካደረጋችሁ በኋላ አይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ ተጫኑ፣ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

እንደየሁኔታው

የልብ ድካም ካለና አቅም ካለ ቢሶፕሮሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ሰክሲኔት ወይም ካርቬዲሎል፣ ከሶስቱ የማይጠፋባችሁን። ግፊታችሁ ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ከሆነ ካርቬዲሎል ይከብዳል፣ ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ እሱ ይጠቅማል።

የምትጾሙ ከሆነ በቀን አንዴ የሚዋጠው ይቀላል። እስከ ዘጠኝ ሰአት የሚጾም ሰው ካርቬዲሎል ጠዋት በባዶ ሆድ ሲውጥ ነው ቤተክርስቲያን ውስጥ ቆሞ የሚወድቀው። ረመዳን ላይ በቀን ሁለቴው ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ሊገጥም ይችላል፣ ግን ከጾሙ በፊት ሀኪም ሰአቱን ያስተካክልላችሁ፣ በተለይ የሚያሸና መድሃኒት አብሮ ካለ።

በጀት ጠባብ ከሆነ፣ ኩላሊት ጤነኛ ከሆነና ችግሩ የልብ ምት ወይም ደረት ውጋት ከሆነ አቴኖሎል አሁንም ስራውን ይሰራል፣ ርካሽ ስለሆነ አትናቁት። ኩላሊት ከደከመ ግን ርካሹ ውድ ይሆናል። የጤና መድን ካላችሁ ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛው እንዳለ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቃችሁ ሀኪሙ ከዚያ ውስጥ እንዲያዝ አድርጉ።

አስም ካለ መጀመሪያ ያለ ቤታ ብሎከር መኖር ይቻል እንደሆነ ይታይ። የግድ ከሆነ መራጩ በትንሹ፣ ሳልቡታሞል ከጎን ሆኖ፣ በክትትል።

ለማርገዝ ያሰባችሁ እህቶች አቴኖሎል ላይ ከሆናችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ተናገሩ። ለምታጠቡም አቴኖሎል ወተት ውስጥ በዛ ብሎ ይገባል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ላቤታሎል ይሻላሉ።

ከውጭ ለእናት ለአባት የምትልኩ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ የሚወስዱትን ፓኬት ፎቶ አስልኩ፣ ስሙን፣ ታርትሬት ሰክሲኔት የሚለውን፣ ሚሊግራሙን አመሳክሩ፣ ቢያንስ የሶስት ወር ላኩ፣ እዚህ ያለው ሀኪምም ይወቀው። አዲሱ ሲደርስ አሮጌው ሳይነሳ ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡና እማማ ጠዋት አንዱን ማታ ሌላውን ይውጣሉ፣ ይሄ የሚሆን ነገር ነው፣ አሮጌውን ጎረቤት ወይ ልጅ ያንሳላቸው።

ሰአት ካለፋችሁ ስታስታውሱ ውሰዱ፣ የሚቀጥለው ከደረሰ ግን ያለፈውን ተዉት፣ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም።